ሦስተኛዋ ሳንቃ

አማቴ ሌይዳ፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃው እንደ ጠና፣
ወለሉን ቡኒ ትቀባው ነበር፣ በቡኒው ላይ እንደገና።
አርባ ግንቦት፣ አርባ ቆርቆሮ፣ አርባ ድርብርብ ቆዳ፤
ቤቱን ስወርስ የወረስኩት ይኸን ነው፣ የሌይዳን ዕዳ።

ካርሎቫ ሰፈር፣ ታርቱ ከተማ፣ ቤቱ ራሱ እንጨት ነው፤
ግድግዳው ጥድ፣ ጣሪያው ጥድ፣ በነፋስ ቀን የሚያቃስተው።
ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳው እጄ
መሪ ቢያጣ መፋቂያ ያዘ፤ ጉዞዬ ሆነ ከምድጃው እስከ ደጄ።

ጎረቤቴ አርቮ "ማሽን ተከራዪ" አለኝ፣ "በሁለት ቀን ያልቃል።"
ተከራየሁ። እሱ ሲጮህ የሞተ እንኳ ይነቃል።
"ግን አስቀድሞ ሚስማሩን! አንድ ራስ ከቀረ ቀና ብሎ
ብርጭቆ ወረቀቱን ይጨርሰዋል፣ መያዣ ገንዘብሽንም አስከትሎ።"
ስለዚህ በጉልበቴ ሄድኩ፣ ሳንቃ በሳንቃ፣ በመዳፌ እየዳሰስኩ፣
ብቅ ያለውን በመዶሻና በብረት ጣት ወደ ውስጥ እየመለስኩ።

ቡኒው ሲነሣ ግራጫ፣ ግራጫው ሲነሣ የበሬ ደም፤
ከበሬው ደም በታች ደግሞ ስም ያላገኘሁለት ቀለም፤
ከዚያ በታች፣ ሳላስበው፣ ማር የመሰለ ጥድ፣
ዓይኖቹን ገልጦ፣ ከመቶ ዓመት እንቅልፍ እንደ ነቃ ዘመድ።
ለካ አርባ ዓመት በሰሙ ላይ ነው የተራመድኩት፣ ወርቁን ሳልጠይቅ።

ከበሩ ሦስተኛዋ ሳንቃ ግን የቆየች ጠላቴ ናት።
ሙሽራ ሳለሁ፣ የማታ ተረኛ ሆኜ፣ በእኩለ ሌሊት፣
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ስገባ በዳበሳ፣
እይይይ! ትላለች፤ እንደ ረገጧት ድመት፣ ሰፈር እስኪነሣ።
ከዚያ ከጓዳው የሌይዳ ሳል፤ አንዴ ብቻ፣ ደረቅ፤
ከዚያ ዝምታ። ጠዋት ምንም አትልም፤ እኔም አልጠይቅ።
ባሌን "ቸንክራት" ስለው፣ "እናቴን ጠይቂ" ይለኛል፤
እናቱ ደግሞ፣ "ተዋት፣ ትናገር፤ ዝም ያለ ቤት ያስፈራኛል።"
ሰላይ! አልኩ በልቤ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰላይ አልኳት።

ዛሬ ሌይዳ የለችም፤ ባሌም የለም። ጉጠት አለኝ፣ ብሎን አለኝ።
ሳንቃዋን ፈነቀልኩ። ብስባሽ ስጠብቅ፣ ነቀዝ ስጠብቅ፣ ጤነኛ እንጨት ተቀበለኝ።
ሚስማሮቿ ብቻ የሉም። ተነቅለዋል፤ በወጉ፣ በጉጠት፣
ቀዳዳው ሳይሰፋ፣ በትዕግሥት።
ከአግዳሚው ጎን፣ አቧራው መሐል፣ አንዲት የክብሪት ቀፎ፤
ውስጧ ሁለት ሚስማር፣ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ፣ ዝገት ያልነካቸው፤
በክዳኗ ላይ በእርሳስ፣ የሌይዳ ጠማማ ፊደል፦
"እንድሰማ። ሁሉም ሲገባ እንድተኛ።"

እኔ ነበርኩ "ሁሉም"።
የመጨረሻዋ የማታ አውቶቡስ፣ የመጨረሻዋ ሰው፤
ያቺ ሳል ለካ ቁጣ አልነበረችም። መብራት ማጥፋት ነው።

ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩ። ምሳም አልበላሁ።
ማሽኑን በሰዓቱ አልመለስኩም፤ የአንድ ቀን ቅጣት ከፍያለሁ።

በማግስቱ ወለሉን በተልባ ዘይት እንደ ሕፃን ገላ አሸሁት፤
ትርፉን ጠረግሁ፤ ጨርቁን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።
አርቮ ነው የመከረኝ፦ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ
ክብሪት ሳይነካው፣ ሌሊት፣ በራሱ ይነዳል አለ።
ሦስት ቀን በካልሲ ብቻ፤ ሁለት ሳምንት ያለ ምንጣፍ፤
ሰሙም ስስ ይሁን፤ ሲበዛ አቧራ ይለቅማል ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ከእንግዲህ ውሃ አላፈስበትም፤ ጨርቁን ጠምዝዤ፣ ጨምቄ፤
ለወንበሮቹም እግር ጫማ ሠራሁ፣ ከአሮጌ ካፖርት ቆርጬ አጣብቄ።

ልጄ ኢንድሬክ መርከብ ላይ ነው፣ ከሄልሲንኪ፤ አርብ አርብ ይመጣል፤
ከታሊን የሚያመጣው አውቶቡስ እስኪደርስ ሌሊቱ ይጋመሳል።
ሳንቃዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ ብሎኖቹን ለአርቮ ሰጠሁት።
ሚስማሮቹ በቀፏቸው ናቸው፤ ክዳኗ ላይ ምንም አልጨመርኩበት።

አሁን አርብ ነው። ቤቱ ዘይት ዘይት ይሸታል።
በሩ ተከፈተ፣ በቀስታ። ጫማውን በእጁ ይዞታል፣
አውቀዋለሁ።
አንድ ሳንቃ። ሁለት።